ፊፍዝ ዊል ወይስ ጉስኔክ? ለፒክአፕ መኪናዎ ማያያዣ ከመግዛትዎ በፊት የሚለኩ ነገሮች

ባለፈው መስከረም አንድ ወዳጄ ከዳላስ ደወለልኝ። ፊፍዝ ዊል የሚባለውን የተሳቢ ማያያዣ ሁለተኛ እጅ በ600 ዶላር አግኝቶ መግዛቱን ሊያበስረኝ ነበር። ቀለሙ አልተላጠም፣ ቡሎኖቹ አልጎደሉም፣ ዋጋውም ከአዲሱ በብዙ ያንሳል። «ለመሆኑ የምትጎትተው ተሳቢ የትኛው ነው?» አልኩት። ሊገዛ የተዋዋለው ባለ 40 ጫማ ጠፍጣፋ ጉስኔክ ነበር። ሁለቱ ጨርሶ አይገናኙም፤ የገዛው ማያያዣ ፒን የሚነክስ መንጋጋ ነው፣ ተሳቢው ደግሞ ኳስ ላይ የሚደፋ ጽዋ አለው።

ይህ የእሱ ብቻ ስህተት አይደለም። ብዙ ሰው ማያያዣውን አስቀድሞ ይገዛና መኪናውንና ተሳቢውን ከእሱ ጋር ለማስማማት ሲደክም ይከርማል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ተሳቢው፣ ከዚያ የመኪናው በር ላይ የተለጠፈው ቁጥር፣ ከዚያ የካሶኒው ልክ ነው። ማያያዣው የሚመረጠው በመጨረሻ ነው። እኔም በዚሁ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። አሜሪካ ውስጥ በፒክአፕ ጭነት ለመሥራት የተነሱ ወገኖቻችን ስለበዙ ቁጥሮቹን እዚያ በሚሠራባቸው ፓውንድና ኢንች አስቀምጣለሁ። ለማነጻጸር ያህል 1,000 ፓውንድ 454 ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

1. ተሳቢው አፍንጫ ሥር ገብተው ይመልከቱ

ተሳቢው ፊት ለፊት ካሶኒው ላይ የሚያርፈውን ክፍል ከሥሩ ይዩት። ጠፍጣፋ ብረትና ከመሀሉ ወደ ታች የወረደ 2 ኢንች ውፍረት ያለው አጭር ፒን ካዩ ፊፍዝ ዊል ነው። በአዲስ አበባ–ጅቡቲ መንገድ ከፊል ተሳቢ ያሽከረከረ ሰው ወዲያውኑ ያውቀዋል፤ በከባድ መኪናዎቹ ላይ ያለው ኪንግ ፒን ነው። ረዘም ያለ ቱቦ ወርዶ ጫፉ ላይ ወደ መሬት የተደፋ ጽዋ ካለው ግን ጉስኔክ ነው። ጽዋው ካሶኒው መሀል በተተከለ ኳስ ላይ ይቀመጣል። የተለመደው የኳስ መጠን 2 እና 5/16 ኢንች ነው፤ ለከባዱ ጭነት 3 ኢንች አለ። ኳሱና ጽዋው አንድ ልክ መሆን አለባቸው። ልኩ ኳሱ ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ በዓይን አይገምቱ፣ ያንብቡት።

ተሳቢ ገና ያልገዛ ሰው በሥራው ይመርጣል። የመዝናኛ ቤት ተሳቢዎች በብዛት ፊፍዝ ዊል ናቸው፤ ሰፊው ሳህን ጭነቱን ስለሚያሳርፈው ጉዞው ጸጥ ያለ ነው። ለመኪና፣ ለከብት፣ ለእንጨትና ለማሽን ማመላለሻ ጉስኔክ ይመረጣል። ዋጋው ይቀንሳል፣ ተሳቢው ሲፈታ ካሶኒው ባዶ ሆኖ ለሌላ ዕቃ ያገለግላል፣ አንገቱም ቀጭን ስለሆነ በጠባብ ቦታ ይታጠፋል። ለጭነት ሥራ ለሚነሳ ሰው ምክሬ ጉስኔክ ነው።

ከመሄድዎ በፊት በተሳቢው የግራ ጎን ፊት ለፊት ከተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ጂ-ቪ-ደብሊው-አር የሚለውን ቁጥር ይመዝግቡ። ተሳቢው ከነጭነቱ ሊመዝን የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት ነው። ስሌቱ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

2. የሾፌሩን በር ይክፈቱ

ከሁሉ በላይ ጊዜ እንዲሰጡት የምለምነው ይህንን ነው። የመኪናው ማስታወቂያ «15,000 ፓውንድ ይጎትታል» ይላል፤ ሻጩም ያንኑ ይደግማል። ቁጥሩ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ መጎተት ነው። ፊፍዝ ዊልና ጉስኔክ ደግሞ ከመጎተትም በላይ ጀርባ ላይ የሚጫኑ ተሳቢዎች ናቸው። ከኋላ መከላከያው ላይ የሚታሰር ተራ ተሳቢ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶውን ብቻ መኪናው ላይ ሲጥል፣ እነዚህ ከ15 እስከ 25 በመቶውን በቀጥታ ከኋላ አክስሉ በላይ ያሳርፋሉ። ስለዚህ የመኪናው ጀርባ የሚያልቀው ሞተሩ ከመድከሙ ብዙ ቀድሞ ነው።

በሩን ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ ተለጣፊዎች ያገኛሉ። አነስ ባሉት ፒክአፖች ላይ ቢጫና ነጭ ሆኖ የሰውና የዕቃው ድምር ክብደት ከዚህ አይለፍ የሚል ቁጥር አለ፤ ይህ የመሸከም አቅሙ ነው። ጂ-ቪ-ደብሊው-አሩ ከ10,000 ፓውንድ በላይ በሆነ መኪና ላይ ይህ ተለጣፊ ላይኖር ይችላል። ያን ጊዜ መኪናውን ነዳጁን ሞልተው ሚዛን ላይ ያውጡትና የሚመዝነውን ከጂ-ቪ-ደብሊው-አሩ ይቀንሱ። እንዲያውም ተለጣፊው ቢኖርም ማስመዘኑ አይጎዳም፤ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተጨመረ የብረት መከላከያ፣ የዕቃ ሣጥን ወይም ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ ሁሉ ከዚሁ አቅም ላይ የተቆረሰ ነው።

አሁን እናስላ። አንድ ሰው 12,000 ፓውንድ የሚፈቀድለት የመዝናኛ ፊፍዝ ዊል ሊገዛ ፈለገ እንበል። መሀከለኛውን 20 በመቶ ብንይዝ ፒኑ 2,400 ፓውንድ መኪናው ላይ ያሳርፋል። ማያያዣው ራሱ 150 ይመዝናል። ሾፌሩና ሁለት ቤተሰብ 500፣ ካሶኒው ውስጥ ያለው መሣሪያና ዕቃ 200። ድምሩ 3,250 ነው። በሩ ላይ የተጻፈው ደግሞ 2,300። ማስታወቂያው 15,000 ይጎትታል ባለው መኪና ላይ 12,000 ብቻ ተስቦ 950 ፓውንድ ትርፍ ተጫነ ማለት ነው። ባሌስትራው ይጎብጣል፣ የኋላ አክስሉና ጎማዎቹ ከአቅማቸው በላይ ይሸከማሉ፤ መሪውም ፍሬኑም ከሾፌሩ እጅ ማምለጥ የሚጀምረው በዚያ ጊዜ ነው።

ተጨማሪ የአየር ከረጢት በማስገጠም ኋላውን ቀና ማድረግ ይቻላል። ብዙ ሰው ያንን ካደረገ በኋላ ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል። የተስተካከለው ግን መልኩ ብቻ ነው፤ አክስሉ፣ ጎማውና ፍሬኑ እንደነበሩ ናቸው፣ በሩ ላይ ያለው ቁጥርም አይለወጥም።

ኋላው አራት ጎማ ያለው፣ በተለምዶ «ባለ አንድ ቶን» የሚባለው ፒክአፕ ሌላ ነገር ነው። ጂ-ቪ-ደብሊው-አሩ 14,000 ሆኖ ባዶውን 8,400 ቢመዝን 5,600 ፓውንድ ይተርፈዋል። በጉስኔክ ጭነት የሚተዳደሩ ሾፌሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ዓይነት መኪና የሚይዙት ለዚህ ነው።

3. መንጃ ፈቃድዎን ከድምሩ ጋር ያስተያዩ

በአሜሪካ የንግድ ሥራ ከሆነ የመኪናውና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ 26,001 ፓውንድ ከደረሰና ተሳቢው ብቻውን ከ10,000 ከበለጠ የክፍል ኤ ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) ያስፈልጋል። የሚታየው የተጻፈው ወይም በሚዛን የተገኘው፣ የበለጠው ነው፤ «ዛሬ ባዶ ነው» ማለት አያድንም። 14,000 የተጻፈበት መኪና 12,000 የተጻፈበትን ተሳቢ ቢስብ 26,000 ላይ ይቆማል፣ ሲዲኤል አይጠየቅም። ነገር ግን ተሳቢው ባዶውን 7,000 ቢመዝን ለጭነት የሚቀረው 5,000 ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ገቢ መኖር ይቻል እንደሆነ መኪናውን ከመግዛት በፊት ያስቡበት። ሲዲኤል ባይጠየቁም እንኳ ከግዛት ግዛት ለንግድ የሚሠራ ድምሩ ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሆነ መኪና የዲኦቲ (የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ቁጥር፣ የጤና ምስክር ወረቀትና የመንዳት ሰዓት ደንብ ይመለከቱታል። ለግል መዝናኛም ቢሆን ከባድ ተሳቢ ለሚጎትት ተጨማሪ ፈቃድ የሚጠይቁ ግዛቶች አሉ፤ ካሊፎርኒያ አንዷ ናት።

4. ካሶኒውን በሜትር ይለኩ

ባለ 8 ጫማ ረጅም ካሶኒ ያለው ሰው ይህን ክፍል በፍጥነት ሊያልፈው ይችላል። ችግሩ ባለ 6 ተኩል እና ከዚያም ባጠረው ላይ ነው። ማያያዣው መቀመጥ ያለበት በኋላ አክስሉ ልክ ወይም በጥቂት ኢንች ወደ ፊት ነው፤ ወደ ኋላ ካለፈ የመኪናውን ፊት ያነሳዋል። ካሶኒው ሲያጥር ያ ቦታ ወደ ጋቢናው ይጠጋል።

ፒኑ የሚያርፍበትን መሀል በኖራ ያመልክቱና ከዚያ እስከ ጋቢናው የኋላ መስታወት ይለኩ። ከዚያ የተሳቢውን የፊት ስፋት ለሁለት ይክፈሉት። ስፋቱ 102 ኢንች ከሆነ ግማሹ 51 ነው። መኪናው ከተሳቢው ጋር ቀጤ ማዕዘን (90 ዲግሪ) ሠርቶ ሲታጠፍ የተሳቢው ጥግ ወደ ጋቢናው የሚደርሰው ያን ያህል ነው፤ አፍንጫው ከፒኑ አልፎ ወደ ፊት የወጣ ከሆነ ደግሞ ጥጉ በመታጠፉ መሀል ከዚያም አልፎ ይመጣል። የለኩት ርቀት 51 ላይ ጥቂት ኢንች ተጨምሮበት ካልተገኘ መስታወቱ አንድ ቀን ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሲዞሩ ይረግፋል።

ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው ተንሸራታች ማያያዣ ነው። በእጅ የሚለቀቀው ዓይነት ሾፌሩ ወርዶ ቁልፉን ፈትቶ ማያያዣውን አሥር ኢንች ገደማ ወደ ኋላ ካሳለፈ በኋላ በዝግታ እንዲታጠፍ ያስችለዋል፤ መንገድ ከመግባቱ በፊት ግን ወደ ፊት መልሶ መቆለፍ አለበት። በራሱ የሚንሸራተተው፣ ለምሳሌ የፑልራይት ሱፐርግላይድ፣ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዋጋውና ክብደቱ ይጨምራል፣ የተሳቢው ፒን ላይም አንድ መያዣ ሳህን መጨመር ይጠይቃል። ሥራው በየቀኑ በጠባብ ቦታ መዞር ላለበት ሰው በእጅ የሚለቀቀውን አልመክርም፤ ዝናብ ሲዘንብና ከኋላ ሲያጣድፉት አንድ ቀን መውረዱን ይተወዋል። ሁለተኛው መፍትሔ ጉስኔክ ነው፤ ቀጭኑ አንገት ጋቢናው ዘንድ አይደርስም።

5. ከካሶኒው ወለል በታች ያለውን ይወቁ

ማያያዣ በካሶኒው ቆርቆሮ ላይ አይታሰርም። ጭነቱን የሚሸከመው ሻንሲው ነው። ከወለሉ ላይ አምስት ክብ ቀዳዳዎች ካሉ፣ አንዱ መሀል አራቱ ዙሪያውን፣ መኪናው ከፋብሪካው ተዘጋጅቶ የወጣ ነው። ፎርድ፣ ራም፣ ሸቭሮሌና ጂኤምሲ በከባዶቹ ፒክአፖቻቸው ላይ ይህንን ያቀርባሉ። መሀሉ ለኳስ፣ አራቱ ለፊፍዝ ዊል እግሮች ናቸው። እዚህ ላይ ግን ልብ ይበሉ፦ የአራቱ ቀዳዳዎች ርቀት ከአምራች አምራች ይለያያል። ለራም የተሠራ ማያያዣ ፎርድ ላይ አይገባም። ሁለተኛ እጅ ሲገዙ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «ከየትኛው መኪና፣ ከስንት ዓመተ ምሕረት ሞዴል የተፈታ ነው?» መሆን አለበት።

ቀዳዳዎቹ ከሌሉ ለመኪናው ሞዴልና ዓመት ተለይቶ የተሠራ የሻንሲ መያዣ ይገዛል። ለፊፍዝ ዊል በመያዣው ላይ ሁለት አግዳሚ ሐዲዶች ወለሉ ላይ ይታሰራሉ። ለጉስኔክ ደግሞ ከወለሉ ሥር አግዳሚ ብረት ገብቶ መሀሉ ላይ ኳስ ይተከላል። የካንሳሱ ቢ ኤንድ ደብሊው ኩባንያ የሚሠራው ኳስ ተገልብጦ ስለሚቀመጥ ተሳቢው ሲፈታ ወለሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ጎረቤትዎ ያለው ብየዳ ቤት «ሻንሲው ላይ በይጄ በርካሽ እሠራልሃለሁ» ቢልዎት እሺ አይበሉ። የብየዳ እሳት የሻንሲውን ብረት ጥንካሬ ያበላሸዋል፤ በቡሎን የሚታሰር መያዣ ለአብዛኛው መኪና ይገኛል።

6. መለወጫዎችን በጥንቃቄ ይያዙ

ወዳጄ ስልኩ ላይ ወዲያው የጠየቀኝ «መለወጫ የለም ወይ?» ብሎ ነው። አለ። ሁለቱ አቅጣጫዎች ግን እኩል አይደሉም። ኳስ የተተከለበት መኪና ይዞ ፊፍዝ ዊል ተሳቢ መጎተት የፈለገ ሰው፣ በኳሱ ቀዳዳ ውስጥ የሚታሰር ሙሉ ፊፍዝ ዊል ማያያዣ ቢገዛ ተሳቢው አይነካም፤ ይህ ጥሩ መንገድ ነው። በተቃራኒው የፊፍዝ ዊል ተሳቢን ፒን በረጅም ቱቦ አስረዝሞ ኳስ ላይ ማስቀመጥ አደጋ አለው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ያ ረጅም ቱቦ እንደ መፈንቀያ ዘንግ ሆኖ የተሳቢውን ብረት ይጠመዝዛል፤ ፒኑ የተበየደበት ቦታ ለዚያ አልተሠራም። አንዳንድ የተሳቢ ሻንሲ አምራቾች እንዲህ የተደረገበትን ተሳቢ ዋስትና ይሰርዛሉ። ስለዚህ የተሳቢውን አምራች በጽሑፍ ሳይጠይቁ አይግጠሙ።

7. አሁን ማያያዣውን ይምረጡ

እያንዳንዱ ማያያዣ ሁለት ቁጥሮች አሉት፦ የሚጎትተው ጠቅላላ ክብደትና ከላይ የሚሸከመው ክብደት። የተለመደ የጉስኔክ ኳስ 30,000 እና 7,500 ፓውንድ ይላል። ይህን አይቶ መኪናው 30,000 የሚጎትት የሚመስለው ሰው አለ። የማያያዣው፣ የኳሱ፣ የጽዋው፣ የሻንሲ መያዣውና የመኪናው ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ልክዎ ከሁሉም ትንሹ ነው። 

በፊፍዝ ዊል ላይ ከፒኑ ጋር የሚገናኘውን መንጋጋ ይመርምሩ። ሁለት ሆነው ፒኑን ዙሪያውን የሚያቅፉት መንጋጋዎች እምብዛም አይንኳኩም። ሳህኑ ወደ ፊትና ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም የሚያዘነብል ቢሆን ባልተስተካከለ መሬት ላይ ማያያዝ ይቀላል። ሁለተኛ እጅ ከሆነ ብየዳዎቹን በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ስንጥቅ ይፈልጉ፤ የአቅም ጽሑፉ የተላጠ ከሆነ ይተዉት።

8. ከፍታውን ያስተካክሉ

ተሳቢውን ጠፍጣፋ መሬት ላይ አቁመው ቀና ያድርጉትና ከመሬት እስከ ፒኑ ሳህን ሥር ይለኩ፤ ማያያዣውን ለዚያ ያስተካክሉ። ተሳቢው አፍንጫው ወደ ላይ ከተነሳ የራሱ የኋላ አክስል ከድርሻው በላይ ይሸከማል። ሆኖም በተሳቢው ሆድና በካሶኒው ስፖንዳ መካከል ቢያንስ 5 ተኩል፣ ቢቻል 6 ኢንች ክፍተት ይኑር። የዛሬ ፒክአፖች ስፖንዳቸው ረጅም ስለሆነ ሁለቱን ማስታረቅ ያስቸግራል፤ ምርጫ ከመጣ ክፍተቱን ያስቀድሙ። አንድ ጎማ ጉድጓድ ሲገባና ሌላው ሲወጣ ስፖንዳው የሚቀጠቀጠው ክፍተቱ ሲያንስ ነው።

9. የመጀመሪያው ማያያዝ

የተሳቢውን ጎማዎች በታኮ ይያዙ፣ የካሶኒውን በር ያውርዱ። ለፊፍዝ ዊል የተሳቢው ሳህን ከማያያዣው ሳህን ግማሽ ኢንች ያህል ዝቅ ብሎ ይቁም፤ መኪናው ሲገባ ትንሽ እያነሳው እንዲያልፍ። በዝግታ ወደ ኋላ ይሂዱ። መንጋጋው ሲዘጋ ደረቅ የብረት ድምፅ ይሰማል፣ እጀታውም ይመለሳል። ድምፁን አይመኑ።

አንድ ጠዋት ገና ሳይነጋ እኔም ያንን ድምፅ ሰምቼ ነበር፤ እጀታውም ሙሉ በሙሉ የተመለሰ መሰለኝ። በእጅ ባትሪ ጎንበስ ብዬ ሳይ በሁለቱ ሳህኖች መካከል ጣት የሚያስገባ ብርሃን ነበረ። ፒኑ መንጋጋው ውስጥ ሳይገባ ላዩ ላይ ተቀምጧል። የተሳቢውን መቆሚያ እግሮች አጥፌ ብንቀሳቀስ ኖሮ ተሳቢው ሁለቱን ስፖንዳዎች ጨፍልቆ ይወርድ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን በባትሪ ሳላይ አልነሳም። ሳህኖቹ ያለ ክፍተት መተኛታቸውን፣ መንጋጋው የፒኑን አንገት ማቀፉን ይመልከቱ፤ የእጀታውን መቆለፊያ ፒን ያስገቡ። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ገመዱን ያገናኙና እግሮቹ መሬት እንደረገጡ፣ የተሳቢውን ፍሬን በእጅ መቆጣጠሪያው ይዘው መኪናውን በስሱ ወደ ፊት ይሳቡት። ካልተላቀቀ ተይዟል።

ለጉስኔክ ጽዋው ኳሱ ላይ ከወረደ በኋላ ቆልፈው የደህንነት ፒኑን ያስገቡና በክሪኩ ተሳቢውን ጥቂት ያንሱት፤ የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሳ ተይዟል። ሁለቱን ሰንሰለቶች ኳሱ አጠገብ ባሉት ቀለበቶች ላይ ያስሩ፤ በጉስኔክ ሰንሰለት ግዴታ ነው። ለሁለቱም ዓይነት፣ ተሳቢው ድንገት ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚያስይዘውን ቀጭን የሽቦ ገመድ ከማያያዣው ጋር ሳይሆን ከመኪናው ከራሱ ጋር ያስሩት። ማያያዣው ተነቅሎ አብሮ ቢሄድ ገመዱ ሳይሳብ ይቀራልና።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሚዛን ይሂዱ። በከባድ መኪና ማረፊያዎች ያሉት የካት ሚዛኖች እያንዳንዱን አክስል ለይተው ይነግሩዎታል። አንድ ጊዜ ከነተሳቢው፣ አንድ ጊዜ መኪናውን ብቻ፣ ያው ሰውና ያው ዕቃ እንዳለ ያስመዝኑ፤ መኪናው ላይ የጨመረው ክብደት ተሳቢው በእውነት የጣለብዎት ነው። የኋላ አክስሉን ቁጥር በበሩ ምሰሶ ላይ ለኋላ አክስል ከተፈቀደው ጋር ያስተያዩት። የማያያዣውን ቡሎኖች ደግሞ ከመጀመሪያው የጭነት ጉዞ በኋላ አምራቹ በጻፈው ልክ በቶርክ ቁልፍ መልሰው ያጥብቁ፤ አዲስ መያዣ በመጀመሪያዎቹ ማይሎች ቦታውን ሲይዝ ትንሽ ይላላል።